አንድ ሺህ ጫማ ይበቃል፤ አልቲሜትሩ እውነት ከተናገረ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የበረራ ዲስፓቸር ነኝ። የበረራ ዕቅድ ሳዘጋጅ መሣሪያዎች የሚዘረዘሩበት ቦታ ላይ ደብልዩ የምትባል አንዲት ፊደል አለች። እሷን አስገባሁ ማለት አውሮፕላኑ በአርቪኤስኤም (ከላይና ከታች ያለው ክፍተት በጠበበበት) ሰማይ ለመብረር ፈቃድ አለው አልኩ ማለት ነው። ይህ ሰማይ ከ29 ሺህ እስከ 41 ሺህ ጫማ ያለው ነው። እዚያ ውስጥ አንዱ አውሮፕላን ከሌላው በላይ ወይም በታች በ1 ሺህ ጫማ ብቻ ተለይቶ ያልፋል። 300 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ድሮ 2 ሺህ ጫማ ነበር።

ብዙ ሰው ክፍተቱ ጠበበ ብሎ ይፈራል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ክፍተቱ በቂ ነው። የሚያስፈራው የራሱን ከፍታ አሳስቶ የሚናገር አውሮፕላን ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ከፍታ አውሮፕላኑ ራሱ የላከውን ነው። ግጭት የሚከላከለው ቲካስም የሚሰማው ያንኑ ነው። አውሮፕላኑ ተሳስቶ 34 ሺህ ላይ ነኝ ካለ፣ ሁሉም 34 ሺህ ብሎ ያምነዋል። ስለዚህ አልቲሜትር፣ ማለትም ከፍታን በአየር ግፊት የሚለካው መሣሪያ ላይ መደራደር የለም እላለሁ። የምትስማሙም የማትስማሙም ጻፉ።

መልሱ ሳላስበው በዛ። ዘግይቶ ለሚመጣ እንዲቀል ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ሰላምታና ምርቃት ብቻ የሆኑትን ዘልያለሁ።

መልስ 1። ዱባይ የምትኖር እህት ናት። ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ በመስኮት ነጭ አውሮፕላን ከሥራቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ሽው ብሎ ሲያልፍ አይታለች። ዓይኗን እስክታሽ ጠፋ። የቀረውን መንገድ ሁሉ ስትጸልይ ነበር። ለጥቂት ተርፈን ይሆን ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትሕትና ነበረው፤ መልስም ይገባው ነበር።

መልስ 2። አንድ ካፒቴን እህቴ አይዞሽ ብሎ ጀመረ። ያየችው ነገር ሰማዩ እንዲሠራበት የታሰበው ሥርዓት ራሱ ነው አላት። ወደ ምሥራቅ የሚያቀና አውሮፕላን ጎዶሎ ቁጥር ይይዛል፤ 31፣ 33፣ 35 ሺህ እያለ። ወደ ምዕራብ የሚያቀና ሙሉ ቁጥር ይይዛል፤ 32፣ 34፣ 36 ሺህ። ከዱባይ አዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ የእሷ ሙሉ ቁጥር ላይ ነበር፤ ያኛው ደግሞ ጎዶሎ ላይ። ሁለቱ ሲተላለፉ ፍጥነታቸው ተደምሮ በሴኮንድ 500 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሽው ያለባት ለዚህ ነው። ማየቷ ለጥቂት ተረፉ አያሰኝም ብሎ ጨረሰ። ጥሩ መልስ ነው።

መልስ 3። አንድ ወጣት ብርድን አነሳ። ብርድ ባለበት አየር አልቲሜትር እንደሚሳሳት አንብቧል። ስለዚህ ክረምት ላይ አንዱ አውሮፕላን ወርዶ ከሌላው ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ 1 ሺህ ጫማ የበጋ ሒሳብ ነው አለ።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ትንሽ ከረረ። መላሹ ቁጥር 3ን ሳያነብ ይጽፋል ብሎ ወረፈው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን አያስፈልግም ነበር። ቁም ነገሩ ይህ ነው። በዚያ ከፍታ የሚበር ሁሉ አልቲሜትሩን 1013 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ላይ ያደርጋል። ብርዱ አንዱን ዝቅ ሲያደርግ ሌላውንም አብሮ ዝቅ ያደርጋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ትንሽ ቢለወጥም ሁለቱ ወደ አንድ ቦታ አይመጡም። ብርድ ችግር የሚሆነው ከተራራ ጋር ነው፤ ተራራው አብሮ አይወርድምና።

ከዚያ ዋናውን ምክንያት አስረዳ። ባሕር ወለል ላይ የ1 ሄክቶፓስካል ለውጥ 27 ጫማ ያህል የከፍታ ልዩነት ነው። 35 ሺህ ጫማ ላይ ያው 1 ሄክቶፓስካል 90 ጫማ ገደማ ይሆናል። አየሩ ስለሚሳሳ መሬት ላይ የማትታይ ትንሽ የልኬት ስሕተት እላይ ስትደርስ ከሦስት እጥፍ በላይ ታድጋለች። ድሮ ከ29 ሺህ በላይ 2 ሺህ ጫማ የተደረገው በዚህ ነው። የዚያን ጊዜው መሣሪያ አይታመንም ነበር።

መልስ 5። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ታሪኩን ጻፉልን። የ29 ሺህ ጫማ ወሰን በዓለም ደረጃ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። 1 ሺህ ጫማ መጀመሪያ ሰሜን አትላንቲክ ላይ ገባ፤ 1997። አውሮፓ ጃንዋሪ 2002፣ መካከለኛው ምሥራቅ 2003 መጨረሻ፣ አሜሪካ ጃንዋሪ 2005። አፍሪካ ሴፕቴምበር 25 ቀን 2008 ላይ ገባች። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ሰሞን። ቀኑን ያስታውሱታል።

እሳቸው የጻፉት አንድ ነገር በደንብ መታየት አለበት። በድሮው ሥርዓት ከ29 እስከ 41 ሺህ ድረስ 7 ደረጃ ብቻ ነበር። 6 ተጨምሮ 13 ሆነ። ጥቅሙ መጨናነቅ መቀነሱ ብቻ አይደለም። ድሮ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ከባድ አውሮፕላን 33 ሺህ ላይ ሆኖ ነዳጁ ሲቀልለት ከፍ ልበል ቢል፣ ቀጣዩ የሱ ደረጃ 37 ሺህ ነው። 4 ሺህ ጫማ መዝለል አለበት። ካልቻለ እዚያው ታች ሆኖ ነዳጅ እየበላ ይሄዳል። አሁን በ2 ሺህ በ2 ሺህ ይወጣል። ዲስፓቸር ስለሆንኩ ይህን በየቀኑ በኪሎ ነው የማየው። ጋሼ እናመሰግናለን።

መልስ 6፣ 7 እና 8 ከርዕስ ወጡ። አንዱ ልጄን አብራሪ ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ሒሳብ ደካማ ነው፣ ይሆናል ወይ አለ። ሌላው ጆሮ ስለሚደፍን ሕመም ጠየቀ። ሦስተኛው ማስቲካ ማኘክ መከረ። ሌላ ክር ክፈቱላቸው ብዬ ወደ ጉዳዩ መለስኳቸው።

መልስ 9። ከዚህ በኋላ ጭቅጭቅ መጣ። ቁጥር 9 እኔን በቀጥታ ተናገረኝ። ክፍተቱ በቂ ነው ማለትህ በሞቱት ላይ ማላገጥ ነው አለ። ያነሳው ዩበርሊንገንን ነው። ጁላይ 1 ቀን 2002፣ አውሮፓ አርቪኤስኤም በጀመረች በስድስት ወር ውስጥ፣ ከጀርመን በላይ የባሽኪሪያን አየር መንገድ ቱፖሌቭና የዲኤችኤል ቦይንግ 757 ተጋጩ። 71 ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ጥያቄው ከልብ የመጣ ስለነበር አልተቀየምኩም።

መልስ 10። አንዲት የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ መለሰች። በዚያ ሌሊት ሁለቱም 36 ሺህ ላይ ነበሩ። 1 ሺህ ጫማም 2 ሺህ ጫማም አልነበራቸውም፤ ዜሮ ነበር። ዙሪክ ላይ ተቆጣጣሪው ለብቻው ነበር፤ ስልኩና የራዳሩ ሥርዓት ለጥገና በከፊል ተዘግቶበታል። ቲካስ ቱፖሌቩን ውጣ፣ ቦይንጉን ውረድ አለ። ተቆጣጣሪው ግን ቱፖሌቩን ውረድ አለው። ሁለቱም ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ቲካስና ተቆጣጣሪ ከተጋጩ አብራሪው ቲካስን እንዲሰማ ሕጉ በማያሻማ መንገድ ተጽፏል። ይህን ስትጽፍ የራሷን ሙያ አልሸፋፈነችም። አከበርኳት።

መልስ 11። ቁጥር 9 ግን አልለቀቀም። 36 ሺህ የሚባል ደረጃ በድሮው ሥርዓት አልነበረም፤ ስለዚህ አርቪኤስኤም ባይኖር እዚያ አይገናኙም ነበር አለ። ብልህ መከራከሪያ ነው፤ ግን አያስኬድም። 36 ሺህ ባይኖር ሁለቱም 35 ወይም 39 ሺህ ላይ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። አንድ ደረጃ ላይ መንገዳቸው የሚቋረጥ ሁለት አውሮፕላን ካለ፣ ክፍተቱ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ አይረዳም።

መልስ 12። ሌላ ሰው ብራዚልን ጨመረ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2006፣ አማዞን ላይ፣ የጎል አየር መንገድ 737 እና ሌጋሲ 600 የሚባል አዲስ ትንሽ ጄት ሁለቱም 37 ሺህ ላይ ፊት ለፊት መጡ። የሌጋሲው ትራንስፖንደር፣ ማለትም ከፍታውን ለሌሎች የሚናገረው መሣሪያ አይልክም ነበር። ትራንስፖንደር ከሌለ ቲካስም የለም። የጎሉ 154 ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ ሌጋሲው የክንፉ ጫፍ ተቆርጦ አየር ኃይል ጣቢያ አረፈ። ይህም ቢሆን የአንድ ደረጃ ታሪክ ነው።

መልስ 13። እዚህ እኔ ገባሁ። ስለ ክፍተቱ ካነሳን የሚነሳው ሴኔጋል ነው አልኩ። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2015። አንድ ኤችኤስ 125 የአምቡላንስ አውሮፕላን ከዋጋዱጉ ወደ ዳካር ይመለሳል። ወደ ምዕራብ ስለሆነ 34 ሺህ ተሰጥቶታል። የሴይባ አየር መንገድ 737 ከዳካር ተነሥቶ ወደ ኮቶኑ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ ስለሆነ 35 ሺህ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነው። ጎዶሎና ሙሉ፣ 1 ሺህ ጫማ። ግን አምቡላንሱ የሚለካው ከፍታና በእውነት ያለበት ከፍታ አንድ አልነበረም። 34 ነኝ እያለ 35 ላይ ነበር። የ737ቱን የቀኝ ዊንግሌት (ወደ ላይ የታጠፈ የክንፍ ጫፍ) አናት ቆረጠው። 737ቱ ኮቶኑን ትቶ በሰላም ማላቦ ደረሰ። አምቡላንሱ ውስጥ የነበሩት 7 ሰዎች ድምፃቸው ጠፋ፤ አውሮፕላኑ ዳካርን አልፎ አትላንቲክ ውስጥ ወደቀ። የዚያ አውሮፕላን ከፍታ መለኪያ ከዚያ ቀን በፊትም ችግር እንደነበረበት በምርመራ ወጥቷል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። ለአብራሪው የተሰጠው ደረጃ ልክ ነበር። ተቆጣጣሪው ያየው ቁጥርም ልክ ይመስል ነበር። ወረቀቱ ልክ ሆኖ ሰው ሞተ።

መልስ 14። አንድ የአቪዮኒክስ ቴክኒሻን የዚህን ክር ምርጥ መልስ ጻፈ። ስለ ስታቲክ ፖርት ነው። በአውሮፕላኑ ጎን ላይ ያሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው፤ የውጭውን የአየር ግፊት የሚቀበሉት። ከፍታ የሚባለው ቁጥር የሚጀምረው ከነሱ ነው። በዙሪያቸው ሳጥን ተሠርቶ መስመር ይሰመራል። ሳጥኑ ውስጥ ቀለም መላጥ፣ ቆርቆሮ መሰርጎድ፣ ብሎን ወጣ ማለት አይፈቀድም። አየሩ እዚያ ላይ ትንሽ ከተረበሸ ግፊቱ ይዛባል።

ጠዋት ሲፈትሽ መጀመሪያ በዓይኑ ያያል። ፀሐይዋ ከጎን ስትመጣ ቆርቆሮው ላይ ሞገድ ካለ ጥላው ይታያል። ከዚያ መዳፉን በቀስታ ያስኬዳል። አንድ ጊዜ ዓይኑ ያላየውን መዳፉ አገኘው። ቀለም ቀቢዎች ያደሱት ቦታ ዳር ላይ ቀጭን ጠርዝ ቀርቷል፤ ከጥፍር ውፍረት ያነሰ። መሬት ላይ ሲለካ ሁለቱ አልቲሜትሮች ይስማማሉ። እላይ ሲወጡ ግን የካፒቴኑና የረዳቱ ቁጥር ይለያያል። ጠርዙ ሲስተካከል ልዩነቱ ጠፋ። የኤሮፔሩን 757ም አነሳ። ኦክቶበር 1996 ላይ ሲታጠብ ስታቲክ ፖርቱ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ሳይነሣ ቀርቶ 70 ሰው ባሕር ውስጥ ገባ።

መልስ 15 እና 16። ቁጥር 15 ቴክኒሻኖች ወረቀት ላይ ይፈርማሉ እንጂ አያዩም ብሎ ተናገረ። ቁጥር 16 የመጀመሪያው ቴክኒሻን ነው፤ ተቆጣ። በሌሊት ዝናብ ላይ መሰላል ላይ ቆሞ የሚሠራን ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠህ አትሳደብ አለው። ንዴቱ ይገባኛል። ሁለት መስመር ስድብ አጥፍቻለሁ፤ ቀሪውን ትቻለሁ።

መልስ 17። አንዲት ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። አውሮፕላኑ የራሱን ስሕተት ማየት ካልቻለ ማን ያይለታል? ቁጥር 2 ካፒቴኑ መለሰላት። ከውጭ የሚለኩ አሉ። መሬት ላይ የተተከሉ መለኪያዎች አውሮፕላኑ ሲያልፍ እውነተኛ ከፍታውን ይለካሉ። ተንቀሳቃሽ የጂፒኤስ መሣሪያ ይዞ በመብረርም ይለካል፤ አሁን ደግሞ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በሚያሰራጭበት በኤዲኤስ-ቢ ይሠራል። ውጤቱ አውሮፕላኑ ከተናገረው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ከ245 ጫማ ማለፍ የለበትም። ልኬቱ በየ2 ዓመቱ ወይም በየ1 ሺህ የበረራ ሰዓቱ ነው፤ የሚረዝመው ይወሰዳል። አፍሪካ ላይ ይህን የሚከታተለው ቢሮ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። እኔ የምጨምረው፦ ይህ ልኬት የቢሮ ጣጣ የሚመስለው ሰው ሴኔጋልን እንደገና ያንብብ።

መልስ 18። ሌላ ካፒቴን ስለ አፍሪካ ሬዲዮ ጻፈ። በአህጉሩ ላይ ተቆጣጣሪው የማይሰማበት ቦታ ስላለ አብራሪዎች በ126.9 ሜጋኸርዝ ያሉበትን ቦታ፣ ከፍታና መንገድ ለሚሰማ ሁሉ ይናገራሉ። ሴፕቴምበር 1997 ላይ ከናሚቢያ ባሕር በላይ የጀርመን አየር ኃይል ቱፖሌቭና የአሜሪካ ሲ-141 ሁለቱም 35 ሺህ ላይ ተጋጭተው 33 ሰው ሞቷል። አርቪኤስኤም እዚያ ከመግባቱ 11 ዓመት በፊት ነው። ሁለተኛ ምክሩ ከመስመር መሃል ወደ ቀኝ 1 ወይም 2 ኖቲካል ማይል ወጣ ማለት ነው፤ በሚፈቀድበት ቦታ። ጂፒኤስ ሁሉንም አውሮፕላን በአንድ ክር ላይ ስላስኬደ፣ ከፍታ ከተሳሳተ ጎን ለጎን መራራቁ ያድናል። ሴኔጋል ላይ ጥቂት ሜትር ወደ ጎን ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

መልስ 19። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች የሚያውቁትን አንድ ሰው አስታወሰ። ጃንዋሪ 2017፣ ዓረብ ባሕር ላይ፣ ከማልዲቭስ ወደ በርሊን የሚሄድ ቻሌንጀር 604 የሚባል ትንሽ ጄት በኤ380 ሥር በ1 ሺህ ጫማ አለፈ። ክፍተቱ ልክ ነበር። የትልቁ አውሮፕላን ክንፍ የተወው ሽክርክሪት አየር ግን ወረደና ትንሹን ገለባበጠው። 9 ሺህ ጫማ ያህል ቁልቁል ወድቆ አብራሪዎቹ መልሰው ያዙት፣ ሙስካት አረፉ። ውስጥ የነበሩት ተጎዱ፤ አውሮፕላኑም ዳግም አልበረረም። ይህ የእኔን አባባል ያሻሽላል። 1 ሺህ ጫማ ለግጭት በቂ ነው፤ ለሽክርክሪት አየር ግን ሁልጊዜ በቂ ላይሆን ይችላል። እዚህም ወደ ነፋሱ በኩል ትንሽ ወጣ ማለት ይረዳል።

መልስ 20። የዱባይዋ እህት ተመለሰች። እና እኔ ምን ላድርግ አለች። ካፒቴኑ አንድ ነገር ብቻ ነገራት፤ የቀበቶው ምልክት መብራት ቢጠፋም ቀበቶ አትፍቺ።

መልስ 21። ከባዱ ይህ ነው። አንድ ወጣት ረዳት አብራሪ ነው። ድርጅቱን አልጠቀሰም፤ እንዲጠቅስም አልፈለግሁም። 37 ሺህ ላይ በየሰዓቱ የሚደረገውን ማነጻጸር ሲያደርግ በሁለቱ አልቲሜትሮች መካከል 180 ጫማ ልዩነት አየ። ወሰኑ 200 ነው። በሚቀጥለው ሰዓትም ያው ነበር። ካፒቴኑ ከወሰን በታች ነው፣ ተወው አለው። ሲያርፉም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ልጁ ሕጉ አልተጣሰም፣ ግን ደስ አላለኝም ብሎ ጻፈ።

መልስ 22። ቁጥር 18 ካፒቴኑ ቆጣ ብሎ መለሰ። ወሰን የተቀመጠው እንዲሠራበት ነው አለ። እያንዳንዱ ረዳት ደስ ባላለው ቁጥር አውሮፕላን የሚቆም ከሆነ አየር መንገድ አይኖርም። ልጁን ገና ነህ ብሎታል። ይህቺ ቃል አላስፈለገችም።

መልስ 23። ቴክኒሻኑ ከልጁ ጋር ቆመ። ከወሰን በታች መብረር ትክክል ነው፤ አለመጻፍ ግን ትክክል አይደለም አለ። 180 ዛሬ ከየት እንደመጣ እሱ ማየት የሚችለው ከተጻፈለት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት 60፣ ትናንት 120፣ ዛሬ 180 ከሆነ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ቦታ እየሄደ ነው። ካልተጻፈ እያንዳንዱ ቀን ብቻውን ደህና ይመስላል። እኔም ከዚህ ወገን ነኝ። ካፒቴኑ ስለ ሕጉ ልክ ነው፤ ስለ መዝገቡ ግን አይደለም።

መልስ 24። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዋ ተመለሰችና ለወጣቶቹ ጻፈች። አውቶፓይለቱ ከፍታ መያዝ ካቃተው፣ አልቲሜትሮቹ ከ200 ጫማ በላይ ከተለያዩ፣ ወይም የአየር መናወጡ አውሮፕላኑን ከደረጃው ካወጣው፣ አርቪኤስኤም አልችልም በሉ። እሷ ወዲያው 2 ሺህ ጫማ ታደርግላችኋለች፤ ካልተመቸ ከ29 ሺህ በታች ታወርዳችኋለች። ለምን ብላ አትቆጣም፤ ሥራዋ ነው። ሲስተካከል ደግሞ መመለስ እችላለሁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሚያፍር አብራሪ አጋጥሟት ሦስት ጊዜ ጠይቃ ነው የነገራት። እንዲህ አታድርጉ አለች።

በእኔ በኩል ሥራው እንዲህ ነው። መሣሪያ ተበላሽቷል ብላችሁ መሬት ላይ ከነገራችሁኝ ደብልዩዋን አወጣለሁ፣ 28 ሺህ ላይ አቅዳለሁ፣ ነዳጅ እጨምራለሁ፤ አንዳንዴም ጭነት ይቀራል። አለቃ ይቆጣል። ይቆጣ።

ክሩ አልተዘጋም። ከቴክኒሻኖች መስማት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እናንተ ጋ ከ200 በታች የሆነ ልዩነት መዝገብ ላይ የሚጻፈው ከስንት ጫማ ጀምሮ ነው? ቁጥሩን ጻፉልን፤ የድርጅት ስም አያስፈልግም።